ሰባት ሰው የፈረመበት ማመልከቻዬ

ልጄ ከሥራ ቃለ መጠይቅ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«አባዬ፣ ያንተ ደብዳቤ ስንት ሰው ጋ ነው ያለው?»

ጥያቄው አልገባኝም። ደብዳቤ የምትለው ለዚያ ሥራ ያስገባችውን የእንግሊዝኛ ማመልከቻ ነው። ስሙና ፊርማው የእሷ ነው፤ ቀሪው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል የእኔ ነው።

እንግሊዝኛዬን ያገኘሁት ትምህርት ቤት አይደለም። ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ፋብሪካ መጋዘን የመለዋወጫ ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ፣ ሣጥኖቹ ላይ የተጻፈውን በወረቀት እየገለበጥኩ ቤት ወስጄ ሽፋኑ በወለቀ መዝገበ ቃላት እፈታ ነበር። አጭር ቃል ማንም ያውቃል ብዬ ስለማምን የምሸመድደው ረጅም ረጅሙን ነው። ልጆቼንም በዚሁ አሳደግኳቸው። ራት ከመቅረቡ በፊት እያንዳንዱ አንድ ረጅም ቃል ከነትርጉሙ ይላል፤ ያላለ፣ እስኪል ይጠብቃል። ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ ወጡ እኮ ቀዘቀዘ!» እያለች ስትጮህ፣ የቀዘቀዘ ወጥ ይሞቃል፣ የቀዘቀዘ ጭንቅላት ግን አይሞቅም እላት ነበር። አሁንም ቢሆን ተሳስቼ ነበር ማለት ይከብደኛል።

ማመልከቻውን መጀመሪያ የጻፍኩት ከአራት ዓመት በፊት ለጎረቤታችን ልጅ ነው። «ኖትዊዝስታንዲንግ» ብሎ የሚጀምር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው። ወጣትነቴ እንዳለ ሆኖ እኔ «ኢንደፋቲገብል» እና «ፐርስፒኬሽየስ» ነኝ ይላል፤ የማልታክት፣ ነገር ከሥሩ የሚገባኝ ማለት ነው። እሱን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሰፈራችን ኮልፌ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ከሚባለው ቦታ ካለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወስደን አስተየብነው፤ ልጁም በወሩ ተቀጠረ። እናቱ ለሰፈሩ ሁሉ «ደብዳቤው እጀ ቀና ነው» ብላ አወራች። እኔም ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብል እዋሻለሁ።

ልጄ በመዝገብ አያያዝ ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ስታነብ፣ ስታስገባ፣ ስትጠብቅ ነው የኖረችው። የመጨረሻዎቹን ወራት እንዲያውም ማስታወቂያ ማንበብ ትታ ነበር። ስለዚህ ወደ ዘነበወርቅ በኩል ያለ አንድ ድርጅት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ስሰማ፣ ያንኑ ደብዳቤ ስሙን ቀይሬ አስፈረምኳት። ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ ቤታችን ሠርግ መሰለ።

የሆነውን እሷ እንደነገረችኝ እጽፋለሁ። ጠረጴዛው ጋ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መካከል የተቀመጠችው ሴትዮ ማመልከቻውን ጮክ ብላ አነበበችና «ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» አለቻት። ልጄ ሳትደናቀፍ መለሰች። ራት ላይ ስንቴ ያለችው ቃል ነው!

«ጎበዝ። እስቲ ያልታከትሽበትን አንድ ቀን ንገሪኝ።»

ይሄ ራት ላይ ያልነበረ ጥያቄ ነው።

ሴትዮዋ መሳቢያዋን ከፍታ ስድስት ወረቀት አጠገቡ ደረደረች። ሰባቱም አንድ ናቸው። ከስሙ በቀር ነጥቡም አልተለወጠም። አንደኛው ዕድሜው አምሳ ያለፈ ሰው ነው፤ እሱም ወጣትነቴ እንዳለ ሆኖ ይላል።

«ኮልፌ ውስጥ የሚታክተው ሰው አልቋል እንዴ?» አለ አንደኛው ጠያቂ። ሳቁ። «ማን ነው የጻፈልሽ?»

«አባቴ ነው።»

«የሰባታችሁም አባት አንድ ነዋ!»

እንደገና ሳቁ። ልጄ እውነቱን ተናግራ እንደ ውሸታም ወጣች። በመጨረሻ ሴትዮዋ አዝናም ይሁን ሰልችቷት እንጃ፣ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት የራሱን ጽፎ ያመጣ እንደገና ይታያል፣ ያላመጣ ይቀራል ብላ ለእሷም፣ ደጅ ተራ ለሚጠብቁት ለስድስቱም ነግራቸዋለች።

ይህን እንደሰማሁ ኮቴን ደርቤ ወደ ማዞሪያው ወጣሁ። የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ።

«ጋሼ! ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ደብዳቤዬን ለማን ለማን ሰጠህ?»

«የቱን? አሃ፣ የማይታክተውን?» ፈገግ አለ። «እሱማ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ሰው ሲመጣ ራሱ ነው እኮ የሚጠይቀኝ። ያንን ረጅም ረጅም ቃል ያለበትን ስጠን ይላሉ።»

«ሳታስፈቅደኝ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ይሙቱ፣ ለሰፈሩ ልጅ እኮ ነው! አንድ ጊዜ እዚሁ ቆመው አንዱ ሲያስተይበው አይተው አልነበር? ያኔ ምነው ዝም አሉ?»

እውነቱን ነው። አይቻለሁ። አንድ ጎረምሳ የእኔን ዓረፍተ ነገር በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ ከኋላው ቆሜ አይቻለሁ፤ አፌን ከፍቼ ያንተ አይደለም አላልኩትም። ያን ቀን አገጬን ቀና አድርጌ ነው ቤቴ የገባሁት። ሰው በኩራቱ ዝም ያለበትን በንዴቱ ሊከስበት አይችልም። ይህን ለባለቤቱ አልነገርኩትም፤ «አጥፋው!» ብዬ ብቻ ጮኼበት ወጣሁ።

ቤት እንደገባሁ መዝገበ ቃላቱን አወረድኩ። ማንም ያልደረሰበትን ቃል ፈልጌ አዲስ ልጽፍ ነበር። ልጄን ግን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ራሷ እየጻፈች አገኘኋት። ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። አነበብኩት። እንግሊዝኛው የአራተኛ ክፍል ልጅ የሚያነበው ነው። ሁለት ዓመት የሰፈራችንን እድር የዕቃ መዝገብ እንደያዘች፣ ማን ድንኳን፣ ማን አግዳሚ ወንበር እንደወሰደ እንደምትመዘግብ ይላል። ጠፉ የተባሉ ሁለት ትላልቅ ድስቶች ነበሩ፤ የቆዩ ገጾችን ለሁለት ሳምንት ወደ ኋላ እያነበበች የት እንደቀሩ አግኝታለች። አለቀ።

«ድስት?» አልኳት። «በእንግሊዝኛ ማመልከቻ ላይ ድስት ይጻፋል?»

«ያገኘሁት ድስት ነው፣ አባዬ። ምን ልበል?»

«ቢያንስ ንብረት በይው! ደግሞ አንድ ጠንካራ ቃል እንኳ የለውም። የመሃይም ወረቀት ነው የሚመስለው።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ አሮጌ ደብተር ሳገላብጥ ምን ብለኸኝ ነበር? ሥራ ፈት አላልከኝም?»

ብያታለሁ። ባለቤቴ ከጓዳ «ብሏታል» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ልጄ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋች። «እሺ፣ አንድ ጨምር። ግን የምትጨምረው ቃል እኔ ያደረግኩትን ይሁን። ነገ ስትጠይቀኝ እንደ ዛሬው አፌን ይዤ እንዳልቀር።»

ተቀመጥኩ። «ኢንደፋቲገብል» ልል ፈለግሁ፤ ሁለቱ ሳምንት እዚያው ተጽፏል። «ፐርስፒኬሽየስ» ልል ፈለግሁ፤ ድስቶቹ ተገኝተዋል። መዝገበ ቃላቱን ከፊት ወደ ኋላ ሄድኩበት። የማገኘው ቃል ሁሉ ወይ የተጻፈውን ይደግማል፣ ወይ ያላደረገችውን ይጨምራል። ይህ እኔን ምን ያህል እንዳናደደኝ የሚያውቀው ዕድሜውን ሙሉ አንድ ዕቃ ሲያጠራቅም ኖሮ በሚያስፈልገው ቀን መጋዘኑን ከፍቶ የሚሆነውን ያጣ ሰው ብቻ ነው። እስክሪብቶውን መለስኩላት። «መሃይም» ያልኩትን ግን ይቅርታ አልጠየቅኩበትም። ልጠይቅ ይገባኝ ነበር።

በማግስቱ ከስድስት ሰዓት በፊት አደረሰች። በሳምንቱ ጠርተው እንደገና ጠየቋት፤ ያን ዕለቱኑ «ሰኞ ሥራ ጀምሪ» አሏት። እናቷ እልል አለች። እኔ ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም።

«ስለ እንግሊዝኛሽ ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም።»

«ምንም?»

«መዝገቡን እንዴት እንዳነበብኩት፣ ከየት እንደጀመርኩ፣ ቀኑ ያልተጻፈበትን ገጽ በምን እንደለየሁ ነው የጠየቁኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አወራሁ።»

«በምን ለየሽው?»

ጥያቄው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ሁለት ዓመት እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ስትሠራ አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። ልጄም ሳትቸኩል፣ በአጫጭር ቃላት፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ታስረዳኝ ያዘች።