ዶሮ የማያርድ ወንድ

በእኛ ጊዜ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ሴት ዶሮ አታርድም። ቤቷ ወንድ ከሌለ በበዓል ዋዜማ ዶሮና ቢላዋ ይዛ በሯ ላይ ትቆምና አላፊውን ወንድ ትለምናለች። እኛ ቤት ወንድ ነበር፤ እኔ። የሚያርድልን ግን የጎረቤታችን ልጅ፣ ጓደኛዬ ነበር። ምክንያቱን ለሚጠይቃት ሁሉ እናቴ "ደም ሲያይ ያዞረዋል" ትላለች። እውነቱ ከሚወጣ ፈሪ ብባል ይሻላታል።

እውነቱ፣ ደሜ አንዴ ከፈሰሰ አይቆምም። በሽታው ከእናቴ ወገን የመጣ ነው። አንዱ አጎቴ ጥርሱን ተነቅሎ፣ ሌላው በግ ሲያርድ ጣቱን ቆርጦ፣ ሁለቱም ጎጆ ሳይወጡ ሞቱ። ይህ ከተሰማ እህቴን የሚጠይቅ ሽማግሌ አይመጣም። የሚያውቀው ጓደኛዬ ብቻ ነበር፤ ኳስ ስንጫወት ወደ እኔ የመጣውን ክርን ሁሉ እሱ በደረቱ ይቀበላል።

ሆስፒታል የመረመረችኝ ኩባዊት ሐኪም ስለ አጎቶቼ ሰምታ አዘነች። "በእኛ አገር እንዲህ ያለው ሰው ታክሞ፣ ሸብቶ፣ ልጅ ይድራል" አለች በአስተርጓሚ።

"እዚህስ?" አለቻት እናቴ።

ሐኪሟ ካርዴን አጥፋ መለሰችልን። እናቴ ቤት እስክንገባ ድረስ አጉረመረመች። "ሰው አገር መርጦ አይታመም!"

ከዚያ ለሰሜኑ ጦርነት አፈሳው መጣ። የቀበሌ ጥበቃዎች እኔንና ጓደኛዬን ከደጃችን ላይ ያዙን። ያን ሁሉ ዓመት የደበቀችውን እናቴ መንገድ ላይ ጮኸችው።

"ደሙ አይቆምም! ወንድሞቼን የጨረሰው በሽታ አለበት!"

ሱሪዬን ገልባ ያበጠውንና የጠቆረውን ጉልበቴን ለሰፈርተኛው ሁሉ አሳየች። እህቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔን ብቻ ለቀቁኝ። ያን ሰዓት ያፈርኩት በጉልበቴ ነበር፤ ጓደኛዬ ኦራል መኪናው ላይ ሲወጣ እንኳ ደህና አድርጌ አላየሁትም።

"አይዞህ ጀለሴ፣ ለፋሲካ መጥቼ አርድላችኋለሁ" አለኝ።

ያ ጤነኛ ደም ሰሜን ፈስሶ ቀረ። እኔ እዚሁ ልደታ ሸበትኩ። ሐኪሟ ብታየኝ ደስ ይላት ይሆናል፤ እኔ ግን ፀጉሬን ልስተካከል መስታወት ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር አፍራለሁ።

መርዶው በመጣ ዓመት፣ የፋሲካ ዋዜማ ላይ፣ የጓደኛዬ እናት ለትንንሾቹ ሴት ልጆቻቸው ሲሉ ዶሮና ቢላዋ ይዘው በራቸው ላይ ቆሙ። ሄድኩና እጄን ዘረጋሁ።

"ይስጡኝ፣ እኔ ልረድልዎ።"

ቢላዋውን ከጥቁር ነጠላቸው ስር ሸሸጉት።

"አይሆንም ልጄ። አንተ እንኳን ትረፍልን" አሉኝ።

ዶሮውን ተቀብያቸው አጠገባቸው ቆምኩ፤ ሌላ ወንድ እስኪያልፍ አብረን መንገዱን እናይ ጀመር። ጀምበሯ ዘቀዘቀች፤ ማንም አልመጣም። የሰፈሩ ጎረምሳ ተለቅሞ አልቆ፣ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።