ዶሮዎቹን የማያምኑት አዳዳ

የአባቴ ታላቅ እህት አረፉ። አምቦ ያለን ቤተሰብ ሁሉ አዳዳ እንላቸው ነበር። ስለ ደግነታቸው ሌላው ያውራ፤ እኔ የሚታወሱኝ ግቢ ውስጥ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዶሮዎቻቸውን በጥርጣሬ ሲያዩ ነው።

አንድ ጊዜ የጎረቤት ውሻ አንዲቱን ዶሮ ጭኗ ላይ ነከሳት። አዳዳ የጠረጠሩት ጎረቤቱንም ጭምር ነበር። ዶሮዋን ለብቻዋ ዘግተን አቆየናት፤ ቁስሏ ሲደርቅ፣ "በቃ ልልቀቃት" አልኳቸው።

"ዲሲ! ተይ አልኩሽ!" አሉ፣ እንደ ልማዳቸው ኦሮምኛ ቀላቅለው። "እነዚህን አላምናቸውም። የቆሰለች ሲያዩ ተሰብስበው ነው የሚነቁሯት።"

እየተያዩ ይላመዱ ብለው ቅርጫት ደፉባትና ዶሮዎቹ መሃል አስቀመጧት። ከቀናት በኋላ ቅርጫቱን አነሱና ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁ ጀመር። ዶሮዋ ወጥታ ከሌሎቹ ጋር መጫር ጀመረች። አንዳቸውም አልነኳት።

"አዩ? ተቀበሏት እኮ!"

"ዝምታቸው ነው የሚያስፈራኝ" አሉ፣ ከበርጩማቸው ሳይነሱ።

ባሌን ፈትቼ ከጉደር በተመለስኩ ጊዜ፣ በዓል ላይ ዘመድ ሲሰበሰብ እኔንም ከጎናቸው አስቀመጡኝ። አንዲት ዘመዳችን፣ "እኔ የምልሽ፣ ባልሽስ?" ብላ ስትጀምር አዳዳ ዱላቸውን መሬት ላይ ኳ አደረጉት። ሴትዮዋ ወዲያው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረች።

ትናንት ለቅሶው ላይ ዘመዶቼ ከበቡኝ። አቀፉኝ፣ አጽናኑኝ። ስለ ባሌ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ዝምታቸው አስፈራኝ። ዞር ብዬ የአዳዳን በርጩማ ፈለግኩ፤ ያቺው ሴትዮ ተቀምጣበታለች።