አባ «ነይ» ያሉ ቀን

በወላይታ አገር፣ ከቢጠና ወዲህ ባለች አንዲት ኮረብታ ላይ የካቶሊኮች ትንሽ ቤተክርስቲያን ነበረች። ባዳቾ አንጁሎ ደግሞ የዚያች ቤተክርስቲያን የኃጢአት አስተርጓሚ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፤ ፈረንጁ አባ ገብረአማኑኤል (ያገራቸው ስም ምላስ ስለሚያስር የወጣላቸው ነው) ከአዲስ አበባ ትንሽ አማርኛ ይዘው መጥተዋል፤ ምእመናኑ ደግሞ ከአማርኛ የሚያውቁት «ግብር» እና «ዳኛ» የሚሉትን ነው። ስለዚህ ተናዛዡ ከመጋረጃው ወዲያ፣ አባ ወዲህ ይሆኑና ባዳቾ መሀል ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። የመንደሩን ጉድ በወላይትኛ ይቀበላል፣ በአማርኛ ያስረክባል። ከዚያ አፉ ይዘጋል። አንዲት ቃል ላያወጣ መጽሐፍ ይዞ ምሏል።

ስምንት ዓመት ሙሉ አላወጣም። የሚያምነው ግን አልነበረም። ጠላ ቤት ሲገባ ወሬ ይቆረጣል። ሰው በሬ መስረቁን ከሚያውቅበት ጋር ጠላ እንዴት ይወርድለታል? ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫው፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ በሬ ሲጥል የባዳቾ ድርሻ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ደጃፉ ላይ ይቀመጥለታል። አክብሮት ይመስላል፤ መጥቶ አብሯቸው እንዳይቀመጥ ነው። ሚስት ሲያፈላልግም የልጅቷ እናት የራሷን ኑዛዜ ታስታውስና «ልጄ ገና ናት» ትላለች። እንዲህ ከግድግዳ ጋር እንደተፋጠጠ ዕድሜው አርባ ሞላ።

ሰላም የምትለው አንዲት ሽታዬ ብቻ ነበረች። ባሏ የሞተባት ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ኃጢአቷም ሁልጊዜ ያው አንድ ነው። ለቅቤዋ መጠቅለያ የጎረቤት ኮባ ሳታስፈቅድ ትቆርጣለች።

«ባዳቾ፣ የኔን ኃጢአት በየትኛው ጆሮህ ነው ያስቀመጥከው?» ትለዋለች ከገበያ ስትመለስ።

«በግራው። ሰፊ ነው፣ ብቻሽን ነሽ።»

«እዚያም ብቻዬን ልኖር ነው እንግዲህ?»

ይህችን ቃል ባዳቾ ሦስት ቀን አመነዠካት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክባት ቆረጠ።

አባ ገብረአማኑኤልን ክፉ ሰው ናቸው ማለት ይከብዳል። ደግ ናቸው እንዳይባል ደግሞ፣ ለድሆች ከባሕር ማዶ የመጣው ብርድ ልብስ እንዴት የአንድ ሹም አልጋ ላይ እንደተገኘ የሚያስረዳ ይጠፋል። ብቻቸውን ይበላሉ። ከበቅሏቸው ጋር ባገራቸው ቋንቋ ሲያወጉ ባዳቾ ሰምቷቸዋል፤ የሚሉት ባይገባውም ነገሩ ገብቶታል። አማርኛቸው ላይ ወንዱ ሴት፣ ሴቱ ወንድ ነው። ባዳቾን «ነይ»፣ ሴቶቹን «ና» ይላሉ፤ በቅሏቸውን «እርስዎ» ብለው ጳጳሱን «አንቺ» ብለዋል። ስምንት ዓመት ቢታረሙ አልተቃኑም።

በሃምሳ አራት ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሽታዬ ልትናዘዝ መጣች። ያችኑ ኮባዋን ተናገረች። ባዳቾ ተረጎመ። አባ ቀስ ብለው፣ «እንዲህ በላት» አሉ። «ነገ ከገበያ ስትመለሺ በጓሮ በር ነይ። ብቻሽን። ብርድ ልብስ እሰጥሻለሁ።»

ባዳቾ በጣቱ ቆጠረ። ስትመለሺ፣ ነይ፣ ብቻሽን፣ እሰጥሻለሁ። አራት የሴት ቃል፣ አንዱ እንኳ አልተሳሳተም። እኚህ ሰው ተለማምደው ነው የመጡት።

ግድግዳውን አየ። ከዚያ በወላይትኛ፣ «ንስሐሽ ይህ ነው» አላት። «እስከ ጊፋታ ይህን ኮረብታ እንዳትወጪ። ቤትሽ ሆነሽ ጸልዪ።»

«ለኮባ ቅጠል?»

«ለኮባ ቅጠል» አለ ባዳቾ፣ ለግድግዳው።

የእግሯ ኮቴ ሲርቅ ሰማ።

በማግሥቱ አባ ጢማቸውን ተከርክመው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ የጓሮው በር ላይ ቆሙ። መጨረሻ ላይ ባዳቾን ጠሩት። «ምን ብለሽ ነገርሽው?» አሉ፤ አማርኛቸው ወደ ቤቱ ተመልሷል።

«ያሉኝን ነው፣ አባ። ብቻ በወላይትኛ ‹ነይ› እና ‹ሂጂ› ይቀራረባሉ፤ ተሳስቶባት ይሆናል።»

ይቀራረባሉ፤ በቅሎና ዶሮ የሚቀራረቡትን ያህል። አባ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ነገር ግን ገብተው በሩን ዘጉ።

ባዳቾ እውነቱን ሊነግራት ስንት ጊዜ መንገድ ጀምሮ ተመለሰ። መሐላው የሚያስረው የተናዛዡን ቃል ብቻ ነው ወይስ የአናዛዡንም? ይህን የሚጠየቀው ሰው ደግሞ ያው ራሳቸው አባ ናቸው። እስከ ጊፋታ ልታገሥ አለ፤ ያኔ ቅጣቷ ያልቃል፣ ሽማግሌ እልካለሁ።

የመንደር አፍ ግን ጊፋታን አይጠብቅም። «ለኮባ ቅጠል ስድስት ወር?» አለች ጎረቤቱ ቦሼ። «ሌላ ነገር አለ። ባዳቾ ያውቃል።» ሽታዬም መንገድ ላይ ስታገኘው ዓይኗን መሬት ላይ መጣል ጀመረች። እሷ ራሷ የማታውቀውን ኃጢአቷን እሱ የሚያውቅ መሰላት። ከወንዙ ማዶ ወደ ጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ሄደች፤ እዚያ ያለ አስተርጓሚ ይናዘዛሉ አሉ። ነሐሴ ላይ ኤርካሎ የሚባለውን መዘምራቸውን አገባች።

አባ ገብረአማኑኤልም «አየሩ አልተስማማቸውም» ተብሎ ተዛወሩ። በምትካቸው የመጡት ወላይትኛ ከባዳቾ አሳምረው የሚናገሩ ሆኑ። የባዳቾ በርጩማ ወደ ማድቤት ገባች።

የጊፋታ ዕለት ደጁ ተንኳኳ። ድርሻውን ሁልጊዜ አስቀምጠውለት ይሄዳሉ እንጂ አያንኳኩም። ሽታዬ ናት፤ በኮባ የተጠቀለለ ሥጋ ይዛለች።

«ጊዜው አልቋል» አለችው። «አሁን ንገረኝ። ምን ነበር ያጠፋሁት?»

ባዳቾ አፉን ከፈተ። መሐላው እዚያው ምላሱ ሥር ተቀምጧል።

«ምንም። ጥፋቱ የአስተርጓሚው ነው።»

«ተሳስተህ ነው?»

ባዳቾ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሽታዬ ብዙ አየችው፤ የገባት የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ መጣና ተመለሰ። ሥጋውን እጁ ላይ አኖረችለት፤ ደጃፉ ላይ አላስቀመጠችውም።

«ኤርካሎ ይጠብቀኛል» ብላ ቁልቁል ወረደች።

ባዳቾ ብቻውን በላ። ቅጠሉን አጥቦ አጠፈው። ከማን ጓሮ እንደተቆረጠ ሳይጠይቃት ቀረ።