በሳሙና የተደፈነ ቦቴ

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አስመራ ያሉ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ መጻፍ ሲጀምሩ፣ ትምህርት ቤት የለቀምኩት አማርኛ እንጀራ ሆነኝ። የመንገድ ትራንስፖርት ተቆጣጣሪ ተብዬ ቤት ጊዮርጊስ ኬላ ላይ ተመደብኩ። ሥራዬ ከምጽዋ ሽቅብ የሚወጡትን የነዳጅ መኪናዎች እያስቆምኩ መመርመር ነበር። የምደባ ወረቀቴ ማስቆም፣ መፈተሽ፣ ማሸግ፣ መንጃ ፈቃድ መንጠቅ እንደምችል ይዘረዝራል። ለእናቴ በትግርኛ ተርጉሜ ሳነብላት «ይህ ሁሉ ላንተ ነው?» አለችኝ። እኔም አዎ አልኳት፤ አምኜ ነበር።

እምነቱ አንድ ክረምት እንኳ አልዘለቀም። ኬላ የተባለው አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ መንገዱ ላይ የምትወርድ አንዲት እንጨት ነው። ከምሥራቅ በኩል ጉም ሲወጣ እንጨቷም አትታይም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የቤንዚን ሽታ ስስብ እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ወጡም ውሃውም ቤንዚን ቤንዚን ይለኛል። ባለቤቴ ልብሴን ከሌላው ለይታ ነበር የምታጥበው።

እዚያ የተማርኩት ትልቁ ትምህርት የሳሙና ነው። ነዳጅ የሚጭነው ቦቴ ብየዳው ላይ ሲሰነጠቅ፣ ሹፌሮች ደረቅ የልብስ ሳሙና በምራቃቸው አርሰው ስንጥቁ ላይ ይፈትጉታል። ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟውም፤ ለጊዜው ቀጥ ያደርገዋል። ከጣልያን ዘመን የመጣ ልማድ ነው፤ ከወንበሩ ሥር ግማሽ ሳሙና ያልያዘ ሹፌር አላየሁም። ግን ከጊንዳዕ በላይ ያለው ጠመዝማዛ ቦቴውን ሲያንገላታው ሳሙናው ይሰነጠቃል፣ ቤንዚኑም በጋለው ፍሬን አጠገብ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ደንቡ እንዲህ ያለ መኪና ታሽጎ፣ ነዳጁ ተገልብጦ፣ ባዶው ጋራዥ ገብቶ ይበየድ ይላል። ደንቡን የጻፈው ሰው መቼም ቤት ጊዮርጊስ ላይ ቆሞ አያውቅም።

ከሁሉም የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ሹፌር ነበሩ። መሪ የጨበጡት በጣልያን ጊዜ ነው። አሮጌው ፈቃዳቸው በአዲስ ሲለወጥ የተሰጣቸው በአማርኛ የተጻፈ ሲሆን፣ አንድ ፊደሉን ሳያነቡ በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ይይዙታል። ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፤ ከኋላ የተከተሏቸው ጥሩንባ እየነፉ ይሰድቧቸዋል። የሚነዱት ቦቴ ግን የከተማው ትልቅ ነጋዴ ንብረት ነው፣ ነጋዴው ደግሞ ከላይ ሰው አለው። ግራ ጎኑ ላይ፣ ከኋላ ሦስተኛው ብየዳ፣ ከነጋዴው ግድየለሽነት ጋር አብሮ ያረጀ ስንጥቅ ነበረው።

ቦቴውን ሦስት ጊዜ አሽጌዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስልኩ ጮኸ። የሚደውለው አለቃዬ ነው፤ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ፣ ልጆቹ ብርዱን አልቻሉትም እያለ የሚያዝን ጨዋ ሰው።

«ወንድሜ፣ ልቀቀው» ይለኛል።

«ጌታዬ፣ እያንጠባጠበ ነው።»

«ገብቶኛል። እኔም ታዝዤ ነው።»

እሽጉን በገዛ እጄ እቆርጣለሁ። ሽማግሌው ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «ሕራይ፣ ወደይ» ይሉኛል በትግርኛቸው፤ እሺ ልጄ ማለታቸው ነው። አንድም ቀን አልሳቁብኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

በአራተኛው ጊዜ ስልኩ የጮኸው ገና ሽቦውን አስሬ ሳልጨርስ ነው። ደሜ ፈላ። ንዴቴ በነጋዴው ላይ ነው፤ ፊት ለፊቴ የቆሙት ግን ሽማግሌው ናቸው። ቦቴውን ልቀቅ ተባልኩ እንጂ ፈቃዱን ተው ያለኝ የለም። እንዲያውም አሰብኩ፤ ሹፌር ካጣ ቦቴው ይቆማል፣ ከቆመ ይበየዳል አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

«አቦይ፣ ፈቃድዎን ይስጡኝ» አልኳቸው።

መሐረቡን ፈትተው ሰጡኝ። «እስከ መቼ?» ብለው ጠየቁኝ።

«መሥሪያ ቤቱ እስኪወስን።»

«ቤቴ ሰባት ነፍስ አለ፣ ወደይ። ከመንዳት ሌላ የማውቀው የለም።»

ተቀምጬ ሪፖርት ጻፍኩ። በትግርኛ የተነጋገርነውን በአማርኛ መጻፍ ለምዶብኛል፤ የዚያን ቀን ግን የሦስት ጊዜ ውርደቴን ሁሉ በወረቀቱ ላይ ነው የተወጣሁት። «አሽከርካሪው የጭነቱን አደገኛነት እያወቀ በሳሙና ሸፋፍኖ የሚያልፍ፣ ለሕዝብ ሕይወት ቅንጣት ደንታ የሌለው ሰው ነው» አልኩ። ዐረፍተ ነገሩ አምሮልኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ነጋዴው አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ ብጽፍም እንደሚቀደድ አውቃለሁ። በዚህ ጊዜ ማንም አልደወለም። ለአንድ ሽማግሌ ፈቃድ ማን ይደውላል?

በሦስተኛው ቀን ቦቴው መጣ። ነጋዴው ወዲያው የቀጠረው፣ ደቀምሐረ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ የሚል አዲስ ሹፌር ይዞታል። ሽማግሌው ይፈጅባቸው በነበረው ጊዜ እኩሌታ ነው የደረሰው፤ ፍሬኑ ይጨሳል። እጄን ወደ ግራ ጎኑ ሰደድኩ፤ ሦስተኛው ብየዳ ረጥቧል። ሰውየው ሳሙናም አልያዘም፣ ስንጥቅ እንዳለም የነገረው የለም። የማውቀው ስንጥቅ እዚያው አለ፤ የሚያውቁለትን ሰው ግን እኔ ከመሪው አውርጃቸዋለሁ።

ቦቴውን አሸግኩ፣ ስልኩ ጮኸ፣ ለሹፌሩ ስንጥቁን ሳላሳየው ለቀቅኩ።

ዕለቱን አለቃዬ ዘንድ ወረድኩ። ፈቃዱን ለሽማግሌው እንመልስላቸው አልኩት። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «የነጠቀ አይመልስም፤ ወረቀቱ ወደ ላይ ሄዷል። ማመልከቻ ያስገቡ» አለኝ። ማመልከቻውን በአማርኛ የጻፍኩላቸው እኔው ነኝ፤ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙበት። ጥፋቴን አምናለሁ የሚል ዐረፍተ ነገር ካልገባበት አይታይም ስለተባልኩ እሱንም ከተትኩ። ያልሠሩትን ጥፋት አሳምኛቸው በራሴ እጅ ጻፍኩት። ብዙ ጊዜ የምተኛው ደህና ነው፣ ያን ሰሞን ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

መልሱ ዘግይቶ መጣ። ፖስታው የመጣው በኬላው በኩል ነበርና ራሴ ላደርሰው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ መንደራቸው ዓዲ ጓዕዳድ ወረድኩ። ሽማግሌውን ደጃፋቸው ላይ የጋሪ ጎማ እየጠገኑ አገኘኋቸው። በተውሶ የአህያ ጋሪ ውሃ ማመላለስ ጀምረዋል። አህያዋ መሪ አይገባትም ብለው ቀለዱ፤ እኔ ለመሳቅ አቅም አልነበረኝም።

«አንብብልኝ» አሉኝ።

አነበብኩ፣ እየተረጎምኩ። ጥያቄዎ ተመርምሯል። ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱም በተቆጣጣሪው ሪፖርት በግልጽ እንደተመለከተው... እዚህ ላይ ቆምኩ። ከታች ያለው የእኔ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አንዲት ነጥብ ሳያጎድሉ ቀድተውታል። ልዘለው አሰብኩ። ከዚያ ግን፣ ቢያንስ ይህን አልሰርቃቸው ብዬ፣ ሁሉንም በትግርኛ አልኩላቸው፤ ለሕዝብ ሕይወት ቅንጣት ደንታ የሌለው ሰው የሚለውንም።

ጎማውን መሬት ላይ አስተኙት። «ማን ነው እንደዚህ ያለው?»

«እኔ ነኝ፣ አቦይ።»

አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እንዲቆጡ ፈልጌ ነበር፣ ቢቆጡ ይቅርታ ለማለት መንገድ አገኝ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው ወረቀቱን ተቀበሉኝ፣ አጣጥፈው እንደ ፈቃዳቸው ሁሉ በመሐረብ ጠቀለሉት።

«አዲሱ ልጅ እንዴት ነው የሚነዳው?» አሉኝ።

«ይሮጣል።»

«ስንጥቁን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም።»

«እንግዲያው ንገረው። ከነፋሲት በታች አንዴ፣ የዳገቱ ጫፍ ላይ ደግሞ አንዴ ቆሞ ይደባብሰው። ሰው ይቃጠላል።» ደጃፋቸው ላይ ጥለውኝ ወደ አህያዋ ሄዱ።

በማግስቱ ቦቴው ሲመጣ እንጨቷን አወረድኩ። ሹፌሩ ወረቀቶቹን ይዞ ወረደ፤ አላየሁለትም። ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ሳሙና አውጥቼ ሹፌሩን ወደ ቦቴው ግራ ጎን ወሰድኩት፣ ጣቱን ያዝኩና በሦስተኛው ብየዳ ላይ ቀስ አድርጌ አስኬድኩለት።