የድልድዩ ሰውዬ

በ1995 ዓ.ም. ነሐሴ አጋማሽ፣ በአንድ የገበያ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ስሜና «ጋዜጠኛና ጸሐፊ» የሚል የታተመበት ካርድ ማደል ጀመርኩ። የጋዜጣችን አዘጋጅ መስከረም ላይ ወደ ደሴ ሲያልፍ እዚያ ምሳ እንደሚበላና ስለ እኔ ሰው እንደሚጠይቅ ነግሮኝ ነበር። የሚያውቀኝ ከተገኘ በስሜ ቋሚ ዓምድ ይሰጠኛል።

መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ሻይ ቤት ባለቤት ካርዱን አገላብጠው አዩት።

«መድኃኒት ነው የምትሸጠው?»

«አይ እትዬ፣ እጽፋለሁ።»

«ታዲያ ጻፋ፣ ማን ያዘህ?»

በረንዳው ላይ ፍየል ሸጠው ያረፉ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ካርዴን አልተቀበሉም፤ ቁጭ በል አሉኝ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ የሚሉት የወሬ ልውውጥ አላቸው፤ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ከማን? እኔም የጠዋቱን ወሬ አቀበልኳቸው፤ ወደ አጣዬ የሚወስደውን ድልድይ ጎርፍ ሰብሮታል።

«አይተኸዋል?»

«ሾፌር ነው የነገረኝ።»

«እሱስ አይቷል?»

አልጠየቅሁትም ነበር።

«ይህን ያህልማ እኔም ሰምቻለሁ» ብለው ሳቁ። «እግር አለህ አይደል?»

ሄጄ አይቼ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ሽንኩርት የጫኑ ሾፌሮች በረንዳው ላይ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። «ድልድዩ አልተሰበረም» አልኳቸው። «የግራ መደገፊያው ተወስዷል። መኪና አንድ በአንድ ያልፋል። ከድልድዩ ማዶ ያለውን ግን አላየሁም።»

ሽማግሌው የመጨረሻውን ቃል ሲሰሙ ጭኔን መታ አደረጉኝ። ሾፌሮቹ ሞተር አስነሱ።

መስከረም ላይ አዘጋጁ መጣ። ዝም ብለህ ተቀመጥ ብሎኝ ስሜን ጠርቶ እትዬን ጠየቃቸው።

«እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም» አሉ።

አጠገባችን ጥብስ የሚበላ ሾፌር ቀና አለ። «ጋዜጠኛ ነው? የድልድዩን ሰውዬ ማለቱ ይሆናል እኮ፣ እትዬ።»

«እሱንማ! ይኸው አጠገብህ ተቀምጦ አይደል እንዴ!»

«አጣዬም ደብረ ሲናም ያውቁታል» አለ ሾፌሩ። «አፋሮቹ ናቸው ወሬውን ያዳረሱት። ያላየውን አላየሁም ይላል። መንገድ ሲበላሽ እሱ ምን አለ ብለን ነው የምንጠይቀው።»

«ስሙስ?» አለ አዘጋጁ።

«ነገርኩህ እኮ።»

አዘጋጁ እየሳቀ ሻይ ደገመ፤ ለእኔም አዘዘልኝ።

ዓምዱ በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት አራተኛው ገጽ ላይ ወጣ። መጠሪያው «የድልድዩ ሰውዬ» ነው፤ ስሜ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል።