ሳይሄዱ የተበላ ስንቅ

በዚያ ዓመት የሁዳዴ ጾም ሲገባ ደብረ ታቦር በሰው ብዛት ተጨናንቃ ነበር። የንጉሡ ጦር ከኮረብታው ሥር ሰፍሮ ድንኳኑ እስከ እርሻችን ዳር ደርሷል። ባሌ የጦሩ የጭነት በቅሎ ነጂ ነበር፤ ቀን ከሰፈሩ ይውላል፣ ማታ ከእኛ ዘንድ ያድራል። እኔ የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ሌሎች ሴቶች ባሎቻቸውን ተከትለው ሊዘምቱ ሲሰናዱ እኔም ልሂድ ብዬ ብነሳ አማቴ፣ "በዚህ ሆድሽ የጉናን ተራራ ልትወጪ ነው?" ብለው አስቀሩኝ።

መቅረቱስ ባልከፋ። የከፋው ቁርጡን አለማወቅ ነው። ጦሩ ዛሬ ይነሳል ይባላል፤ ይመሻል። ነገ ይባላል፤ ይነጋል፣ ድንኳኑ እንዳለ ነው።

የመጀመሪያው ትእዛዝ የመጣ ዕለት ባሌ እየሮጠ ገባና "ከነገ ወዲያ እንነሳለን" አለ። በሶው ተፈጭቷል፤ ድርቆሹም ደርቋል። የጎደለው ማባያ ነበር። አማቴ በስልጆ የታወቁ ነበሩ፤ የባቄላውን ዱቄት በሱፍ ውሃ አብስለው፣ ሰናፍጭ ጨምረው፣ ማሰሮውን ከድነው እስኪኮመጥጥ ቀናት ያቆዩታል። እኔ ግን የነበረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ከይፋግ ገበያ በመጣች ነጋዴ ዘንድ ቃሪያና ሎሚ አገኘሁ። ቃሪያውን ሰንጥቄ ፍሬውን አወጣሁ። የጎመኑን አገዳ ልጬ በቀጭኑ ከተፍኩ፤ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱንም ጨመርኩ። ሁሉንም በፈላ ውሃ አንድ ጊዜ ነክሬ አነሳሁት። ከአሞሌው ጨው ፍቄ አደቀቅሁና በተንኩበት። ሰናፍጩን ፈጭቼ አፍንጫ እስኪሰነፍጥ ድረስ በለብታ ውሃ አሸሁት፤ በመጨረሻም የሎሚውን ጭማቂ አፈሰስኩበት። በትንሽ ማሰሮ ጠቅጥቄ አፉን በኮባ ቅጠል አሰርኩት። በማግስቱ ስቀምሰው ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ኮምጣጣነቱ ዓይን ያስጨፍናል።

አማቴ ቀመሱና "ያልሰነበተ ስንቅ፣ ስንቅ አይባልም" አሉ።

ጦሩም አልተነሳ። እንዲህ ያለው ነገር ከሳምንት በላይ አይቆይም፤ ይላሽቃል፣ ሽታውም ይለወጣል። ስለዚህ ሦስታችን ተቀምጠን በላነው። ከዐሥር ቀን በኋላ ደግሞ ትእዛዝ መጣ፤ ሠራሁ፤ ቀረ፤ በላነው። በሦስተኛው ጊዜ በቅሎዎቹ ሁሉ ተጭነው ከቆሙ በኋላ "አራግፉ" ተባለ። ባሌ ማሰሮውን ታቅፎ ሲመለስ ከደጅ አየሁት፤ እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ጥጥ ልፈትል ስቀመጥ እንዝርቱ ከእጄ ይወድቃል። ውሃ ልቀዳ ወርጄ እንስራውን ሳልሞላ እመለሳለሁ። ከሰፈሩ ነጋሪት በተመታ ቁጥር ልጁ ከሆዴ ይገላበጣል፤ እኔም ደጅ እወጣለሁ። ይሂድልኝ እንዳልል እፈራለሁ፣ ይቅርልኝ እንዳልል ደግሞ ማን ይሰማኛል?

በአራተኛው ጊዜ አመሻሹ ላይ ገባና "ነገ ነው" አለ።

"ሁልጊዜ ነገ ነው!" አልኩት። "ሂድ እንግዲህ! ብትሄድም ብትቀርም ለእኔ አንድ ነው።"

ቃሪያም አልሰነጠቅሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

ስነቃ ነግቷል። አጠገቤ ማንም የለም። ደጅ ብወጣ ኮረብታው ባዶ ነው። ድንኳን የለ፣ ሰው የለ፤ አመድ የሚጭሩ ውሾችና ገና የሚጨስ ጉልቻ ብቻ። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

አማቴ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

"ምን ይዞ ሄደ?"

"በሶና ድርቆሽ ብቻ፣ እምዬ።"

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ ከአንድ ጋን ሥር የቀረ፣ የኮመጠጠ ጠላ በቅል ይዘው ነበር። "ሎሚ የለም፤ ይኼ ይሆናል" አሉና ቢላዋውን አንስተው የጎመኑን አገዳ መላጥ ጀመሩ። እኔ ሽንኩርቱን ከተፍኩ። ሰናፍጩን እሳቸው ፈጩ። እንባዬ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ አልጠየቁኝም። የነበረው ቃሪያ አራት ፍሬ ነው፤ እሱንም ጨመርን። ቅሉን ሞልተን አፉን ወተፍነውና ነጠላችንን መስቀልያ አስረን ወጣን።

"እምዬ፣ እርስዎ እንኳ ይቅሩ" ብላቸው፣ "ብትወድቂ ማን ያነሳሻል?" አሉኝ።

ወደ ጉና በሚወጣው መንገድ በሰውና በከብት እግር የተቀጠቀጠውን አቧራ ተከትለን ሄድን። ብርዱ ፊት ይገርፋል። እኔ እቸኩላለሁ፤ እሳቸው "ቀስ በይ" ይሉኛል። አንድ ዳገት ላይ ትንፋሻችንን ስንሰበስብ፣ "የልጄ አባት የወጣ ዕለት እኔም አኩርፌ ነበር። ተከትዬው አልሄድኩም" አሉ። የልጃቸው አባት ከዘመቻ እንዳልተመለሰ አውቅ ነበር።

ፀሐይ ከራስ በላይ ስትሆን ከጦሩ ጭራ ደረስን። ወፍጮ የተሸከሙ ሴቶች፣ አህዮች፣ የሚያነክሱ በሬዎች፣ ቄሶች፤ ማለቂያ የለውም። ያየነውን ሁሉ ስለ ጭነት በቅሎዎቹ ጠየቅን፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ይጠቁማል። ተስፋ ቆርጬ ከወንዙ ዳር ልቀመጥ ስል፣ በቅሎ ሲያጠጣ ያየሁት ጀርባ የሱ ነበር።

ዘወር ብሎ ሁለታችንን ሲያይ ፊቱ ደም አጣ። "ማን ሞተ?" አለ።

"ማንም አልሞተም" አሉ እናቱ። "ማባያ አምጥተንልህ ነው።"

መጀመሪያ አልገባውም። ቅሉን ስሰጠው ከፈተው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ሳቀ፤ ጓደኞቹ እስኪዞሩ ድረስ ሳቀ። የጠላው ኮምጣጣነት ገና ያልገባበትን የጎመን አገዳ በጣቱ አውጥቶ እዚያው ቆሞ በላ። "ጨው አንሶታል" አለ አፉ ሞልቶ። "ነገ ይጥማል" አልኩት።

ከፊት አለቃው ተጣራ። ቶሎ ብዬ፣ "ትናንት ያልኩት..." ስል፣ "የቱን?" አለኝና የበቅሎውን ልጓም ያዘ። እንደሰማው ዓይኑ ይናገራል። ሆዴን አንድ ጊዜ በመዳፉ ነካ አድርጎ ወንዙን ተሻገረ።

ስንመለስ አማቴ እጄን እስከ ቤት አልለቀቁትም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ልጄን ከወለድኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ የከሳ ሰው በእግሩ መጥቶ ከደጅ ቆመ። በቅሎ የለውም፤ ግራ እጁ በጨርቅ ታስሯል። እኔ ለማኝ መስሎኝ ቆሎ ላነሳ ዞርኩ። የለዩት እናቱ ናቸው። አልጮሁም፣ አላለቀሱም። ሕፃኗን ከእቅፌ ወስደው በደህናው ክንዱ ላይ አስቀመጡለት።

እሱ ፈርቶ ደረቀ።

"ያዛት እንጂ" አሉት። "አትሰበርም።"