ከበር ውጭ የወጣው ምድጃ

አመተ ሥላሴ ባሏ መሪጌታ ገብረ ኪዳን እስኪሞቱ ድረስ ከጎንደር መሀል ከተማ ወጥታ ኖራ አታውቅም። ቤታቸው መሪጌታ ከሚያገለግሉበት ደብር አጥር ጋር የተያያዘ ስለነበር ጧት ደጇን ከፍታ ስትወጣ የምታየው ሰው ሁሉ በስሟ የሚጠራት ነው። ተማሪው፣ ዲያቆኑ፣ ለጸሎት የመጣው ሁሉ “የኔታ አሉ?” እያለ ይገባል፤ የገባ ደግሞ ሳይቀምስ አይወጣም። እሷም ድስት ስትጥድና ስታወርድ ትውላለች።

መሪጌታ ካረፉ በኋላ ልጇ ዝማሬ ከከተማው ወጣ ብሎ ፀዳ በሚባለው ሰፈር ወደሠራችው ቤት ወሰደቻት። ዝማሬ ነርስ ናት፤ ጧት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። ቤቱ አዲስ ነው፤ ረጅም የብሎኬት አጥር፣ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው። ጎረቤቱም አዲስ ነው። ሁሉም ከየአገሩ መጥቶ የሠራ ስለሆነ ሰላምታ ይሰጥና በሩን ዘግቶ ይገባል። አመተ ሥላሴ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጣ ትውል ጀመር። ወጥ መሥራቱንም ተወችው። “ለማን ብዬ?” ትላለች። ዝማሬ ስትመለስ እናቷ ዳቦ በሻይ ቀምሳ ጋደም ብላ ታገኛታለች።

አንድ የጥቅምት ረቡዕ መብራት ጠፋ። እስከ ቀትር ጠብቃ ሳይመጣ ሲቀር፣ ረሀቡም ሲጠናባት፣ ከዕቃዎቹ መካከል የድሮ የከሰል ምድጃዋን ፈልጋ አወጣች። ግቢው ጠባብ ነው፤ ጭሱ ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ ምድጃውን ይዛ ከበሩ ውጭ፣ ከዋንዛው ዛፍ ሥር አስቀመጠችው። ድንቹን ሳትልጥ ለሁለት ለሁለት ሰነጠቀችና ዘይትና ጨው ቀብታ ፍሙ ላይ ባለው ሽቦ ደረደረችው። አጠገቡ ቃሪያ ጣል ጣል አደረገች። ቃሪያው ሲንጣጣ ሽታው መንገዱን ሞላው።

የፊት ለፊቱ በር ተከፈተና ሰኪና ብቅ አለች። ሰኪና የጨርቅ ነጋዴው የናስር ሚስት ናት። እስከዚያች ቀን ድረስ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

“እንደምን ዋሉ? እሳት ልጫር ብዬ ነበር፤ የኔ ከሰል እምቢ አለኝ።”

“እሳቱስ ለሁለታችንም ይደርሳል። ምነው ቆመሽ? ተቀመጪ እንጂ።”

ሰኪና ተቀመጠች፤ ግን ዓይኗ ሽቦው ላይ ነው። ጎንደር ውስጥ ክርስቲያኑና እስላሙ ተጎራብቶ፣ ክፉና ደጉን ተካፍሎ ይኖራል፤ ሥጋ ግን አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። አመተ ሥላሴ የልቧን አወቀችባት።

“ድንችና ቃሪያ ነው፤ ከዘይት በቀር የነካው የለም። የእኔም የጾም ቀኔ ነው።”

ሰኪና ሳቀች። አንዱን ድንች በጨርቅ ይዛ እፍ እፍ እያለች ቀመሰችና፣ “ሸጋ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል” ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ስትመለስ ወለቃ መንደር በተሠራ የሸክላ ሳህን አዚፋ ይዛ መጣች፤ ምስሩ ሎሚና ሽንኩርት ገብቶበት፣ ሰናፍጩ አፍንጫ የሚሰነጥቅ።

ከዚያ ወዲያ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ምድጃው እየወጣ ይውል ጀመር። አመተ ሥላሴ አንድ ቀን እሸት በቆሎ፣ ሌላ ቀን ቲማቲምና ሽንኩርት ትጠብሳለች። ሰኪና ደግሞ እጇ ሥራ አይፈታም። በቆሎው የተጠቀለለበትን ቅጠል አድርቃ፣ በስፌት ቀለም ነክራ፣ እጥፍ እጥፍ እያደረገች በክር ታስረውና አበባ ይሆናል። አንዳንዱ ቀይ፣ አንዳንዱ ወይን ጠጅ።

ዝማሬ ግን ደስ አላላትም። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ መንገደኛ ቆሞ “እማማ፣ ድንቹ ስንት ነው?” ሲል ደረሰች።

“እማዬ፣ ሰው ምን ይላል? የመሪጌታ ሚስት መንገድ ዳር ወጥታ ቸርቻሪ ሆነች አይሉም?”

“ይበሉ። ውስጥ ተዘግቼ ከምሞት ውጭ ተቀምጬ ቢያሙኝ ይሻለኛል።”

 የእናቷ ፊት በዚያ ሰሞን ወዘናው መለስ ማለቱን ዝማሬ አይታለች፤ ግን አኩርፋ ገባች።

ለአንድ እሑድ የሰፈሩን ሰው እንጥራ ያለችው ሰኪና ናት። ናስር ከጎርጎራ አሳ አስመጣ፤ አሳ ለሁሉም የሚሆን ነው። ሴቶቹ አሳውን በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ አሽተው በኮባ ጠቀለሉት። የሰኪናን አበቦች በገመድ ሰክተው ከዋንዛው እስከ በሩ ዘረጉት። መንገዱ የሠርግ ቤት መሰለ። ከዚያ ሰላጣውን ሊያመጡ ሁለቱም ገቡ።

ሲወጡ የይበልጣል ላም ገመዱ ሥር ቆማለች። ይበልጣል ከመንገዱ ማዶ የሚኖር ጎረቤት ነው። ላሚቱ ቀዩን ጨርሳ ወይን ጠጁን ጀምራለች። ይበልጣል በትር ይዞ እየሮጠ ደረሰ፤ ግን ከአበቦቹ የተረፉት ጥቂት ናቸው።

“የስንት ቀን ሥራዬን!” አለች ሰኪና፤ እንባዋ ሊመጣ ደረሰ።

አመተ ሥላሴ ላሚቱን አየቻት። ከአፏ ዳር ቀይ አበባ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ ከዚያ አልቻለችም፤ ሳቀች። መሪጌታ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ሳቁ ሳይታወቃት ልቅሶ ሆነና በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ሰኪና አበባዋን ረስታ አጠገቧ ተቀምጣ አቀፈቻት።

“አልቅሺ፤ ይውጣልሽ” አለቻት። ‘አንቺ’ ስትላት ያን ጊዜ መጀመሪያዋ ነበር።

ዝማሬ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አይታለች። ገብታ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶችና መቀስ ይዛ ወጣች። መሬት ላይ ተቀምጣ የጠርሙሱን ቂጥ እየቆረጠች፣ ዳሩን እየሰነጠቀች ወደ ውጭ ስታጥፈው አበባ ሆነ። በጥፍር ቀለሟ መሀሉን ቀባችና ገመዱ ላይ ሰካችው።

“ይህን ላም አትበላውም” አለች።

ሰዉ መጣ። አንዳንዱ ለወራት ጎን ለጎን ኖሮ በስም የተዋወቀው ያን ቀን ነው። ኮባው ሲፈታ የአሳው እንፋሎት ፊታቸው ላይ ወጣ፤ ልጆች በቆሎ እየጋጡ ይሯሯጣሉ። ይበልጣል በሀፍረት አንድ ቅል እርጎ ይዞ መጣና እስኪመሽ ሳይነሳ ቀረ። ዝማሬ በየሰዉ እጅ ላይ ውሃ ስታፈስ ዋለች።

በበጋው ምድጃው ብዙ እሑድ ወጣ። ክረምት ሲገባ ወደ ሰኪና በረንዳ ተዛወሩ። በዓመቱ የደብሩ ክብረ በዓል ሲደርስ አመተ ሥላሴ ወደ ድሮው ሰፈሯ ሄዳ ነበር። የቀድሞ ጎረቤቷ ይመኙሽ እጇን ይዛ፣ “አንድ ክፍል አለኝ፤ ተመለሽ፤ እዚያ ባዳ አገር ምን ትሠሪያለሽ?” አለቻት። አመተ ሥላሴ ሳመቻት፤ አመሰገነቻት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

“ባቄላ ዘፍዝፌ መጥቻለሁ፤ ሰኪና ብቻዋን ልትፈለፍለው ነው” አለችና ፀዳ የሚሄድ ባጃጅ ፍለጋ ወደ መንገድ ወረደች።